ሆዷ የሞላ የውሃ ቁንጫ፦ ማይክሮፕላስቲክን በምግብ ሰንሰለት የተከተልኩበት ማስታወሻ

ቀን 0

ጥያቄዬ አጭር ነው። ፕላስቲክ የዋጠችን ትንሽ እንስሳ ትልቁ ሲበላት ፕላስቲኩ ወደ እሱ ይሻገራል? ከተሻገረስ እዚያው ይቀራል ወይስ ያልፋል? ብዙዎቻችን በጭንቅላታችን ይዘነው የምንዞረው የሜርኩሪን ሥዕል ነው፤ በምግብ ሰንሰለቱ ታች ጥቂት፣ መሃል በዛ ያለ፣ ላይ ክምር። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ሜርኩሪ ሥጋ ውስጥ ይቀበራል፤ ፕላስቲክ ደግሞ በአንጀት የሚጓዝ ጠጣር ነገር ነው። ሁለቱን አንድ ሕግ ይገዛቸዋል ብዬ ከምገምት በዓይኔ ልየው አልኩ።

ሰንሰለቱ ሦስት እርከን አለው። ታች አረንጓዴ አልጌ፣ መሃል ዳፍኒያ ማለትም የውሃ ቁንጫ፣ ላይ ሃይድራ። ሁለቱን እንስሳት የመረጥኳቸው ገላቸው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ዳፍኒያ ማግና የሚባለው ዝርያ ሲያድግ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ቅርፊቱ እንደ መስታወት ስለሆነ ልቡ ሲመታና አንጀቱ ሲሞላ ይታያል። ሃይድራ ደግሞ ጫፉ ላይ ክር መሳይ እጆች ያሉት ቱቦ ነው፤ አፉም መውጫውም አንድ ቀዳዳ። የገባው ሁሉ በገባበት ስለሚወጣ ገቢና ወጪ ለሚመዘግብ ሰው ከዚህ የተመቸ እንስሳ አላውቅም።

ፕላስቲኩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተገዝቶ የመጣ፣ 10 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስፋት ያለው፣ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ የሚያበራ የፖሊስታይሪን እንክብል። ሁለተኛው ከቀይ የጠርሙስ ክዳን በደቃቅ ሞረድ ሞርጄ በ63 ማይክሮሜትር የብረት ወንፊት ያሳለፍኩት ብናኝ። እንክብሉ ለቆጠራ ይመቻል፤ ወንዝ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ስብርባሪና ክር ስለሆነ ያለ ብናኙ ሥራው ጎደሎ ይሆንብኛል። ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ሁሉ ነው፤ ዳፍኒያ የምትውጠው ግን ከ70 ማይክሮሜትር ገደማ ያልበለጠውን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለእሷ የቤት ዕቃ ነው።

ታናሽ እህቴ የተደረደሩትን ብልቃጦች አይታ «ደግሞ ቁንጫ አርቢ ሆንክ?» አለችኝ።

ቀን 2

ቀዩ ብናኝ አልሰምጥ አለ። ነገሩ ይጠበቅ ነበር፤ የክዳኑ ፖሊኢትሊን በኩብ ሴንቲ ሜትር ከ0.91 እስከ 0.97 ግራም ስለሚመዝን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያልጠበቅኩት ዳፍኒያዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ የውሃው ገጽ ላይ ከብናኙ ጋር ተጣብቀው መቅረታቸውን ነው። ቅርፊታቸው ሥር አየር ከገባ መስመጥ አይችሉም። ሁለቱን በጠብታ ውሃ ከላይ እየመታሁ ወደ ታች መለስኳቸው።

እጄ ወደ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሊሄድ ነበር። አንድ ጠብታ ብናኙን ያሰምጠዋል፤ ቁንጫዎቹንም አብሮ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ብናኙን አልጌና ባክቴሪያ ካለበት አሮጌ የዓሣ ገንዳ ውሃ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት ይቆይ። ሕያዋኑ ላዩን እንደ ንፍጥ ባለ ሽፋን ሲያለብሱት ከአልጌና ከደለል ጋር እየተጣበቀ ይከብዳል። ሐይቅ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ተንሳፋፊው ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ታች ያሉት እንስሳት ዘንድ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ቀን 4

በእንክብሉ ብልቃጦች ውስጥ ከ10 ዳፍኒያ 6ቱ በ48 ሰዓት ውስጥ መንቀሳቀስ አቆሙ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ውጤት አገኘሁ ብዬ «ፕላስቲኩ ገደላቸው» የሚል መስመር ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

እህቴ የእንክብሉን ጠርሙስ አንስታ መለያውን ታነብ ጀመር። «ሶዲየም አዛይድ ምንድን ነው?»

እንክብሉ እንዳይበላሽ የሚጨመር ፀረ ባክቴሪያ መርዝ ነው። እንክብሎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ደግሞ ሳሙና መሰል ነገር አለበት። እኔ ሳሙናን በበር አባርሬ በመስኮት አስገብቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. 2019 የወጣ ጥናት በዳፍኒያ ላይ ይህንኑ አሳይቷል፤ ለፕላስቲኩ ተጽፎ የነበረው ጉዳት ከፍ ያለ ድርሻው የማቆያ ኬሚካሉ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል። ያሰመርኩበትን ሰረዝኩት።

ቀን 6

እንደገና ጀመርኩ። እንክብሉን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፦ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሮ ማስቀመጥ፣ ላዩን ውሃ መድፋት፣ በንጹሕ መተካት። አሁን 40 ብልቃጥ አለኝ፤ በየአንዳንዱ 80 ሚሊ ሊትር ውሃና ከተወለደች 24 ሰዓት ያልሞላት አንዲት ዳፍኒያ። ዳፍኒያ ሲመቻት ያለ ወንድ ትወልዳለች፣ ልጆቿም እንደ እሷ ሴት ናቸው፤ ስለዚህ 40ዎቹ የአንድ እናት ቅጂ ናቸው ማለት ይቻላል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ብርሃኑ 16 ሰዓት በርቶ 8 ሰዓት ጠፍቶ። ይህ በቤተ ሙከራዎች የተለመደው የ21 ቀን የመራባት ሙከራ አሠራር ነው።

ለአራት ከፈልኳቸው። አልጌ ብቻ። አልጌና የመጨረሻው እጥበት ውሃ። አልጌና ካኦሊን፣ ማለትም ነጭ የሸክላ ዱቄት። አልጌና የታጠበ እንክብል፣ በሚሊ ሊትር 10,000 ያህል። ሸክላው ለምን? ዳፍኒያ ፕላስቲክ ከመፈጠሩ በፊትም ጭቃ ስትውጥ የኖረች እንስሳ ናት። ሸክላውም እኩል ከጎዳት ችግሩ ፕላስቲክ መሆኑ ቀርቶ የማይፈጭ ነገር መብዛቱ ይሆናል።

ቀን 6፣ ማታ

ይህን ሰዓት በደንብ ልጻፈው። ከተረፉት ትልልቆች ሁለቱን እንክብል ውስጥ አንድ ሰዓት አቆይቼ አንዷን በማይክሮስኮፕ ሥር አደረግኳት። እግሮቿ ከቅርፊቷ ውስጥ እንደ ፕሮፔለር ይመታሉ፤ ውሃውን እየሳቡ ያጣራሉ። መርጣ አትበላም፤ መጠኑ ከተስማማት ይገባል። ሰማያዊውን መብራት ስለኩሰው አንጀቷ ከራስ እስከ ጅራቷ እንደ ኒዮን ቱቦ በራ፤ ጥምዝ፣ ወፍራም፣ አንድም ባዶ ቦታ የሌለው።

ከዚያ አንዷን አልጌ ወዳለበት ንጹሕ ውሃ፣ ሌላዋን ምንም ምግብ ወደሌለበት ንጹሕ ውሃ አዛወርኳቸው። አልጌ ያገኘችው በደቂቃዎች ውስጥ ከፊት በኩል ጥቁር አረንጓዴ መስመር ታየባት፤ ያ መስመር የሚያበራውን እየገፋ ወደ ኋላ ሄደ። በመሃሉ ያለው ድንበር እንደ ምላጭ የጠራ ነበር። 40 ደቂቃ ሳይሞላ አንጀቷ ጠፋ፤ ማለቴ መብራቱ ጠፋ።

ምግብ ያላገኘችው ጠዋትም እንደበራች ነው።

የዳፍኒያ አንጀት የሚገፋው ከፊት በሚገባው ምግብ ነው። አዲስ ካልገባ አሮጌው አይወጣም። ስለዚህ ፕላስቲክ የሚከብደው ለጠገቡት ሳይሆን ለተራቡት ነው። እ.ኤ.አ. 2016 በፖሊስተር የልብስ ክር የተሠራ ሙከራ ላይ ክሩ በብዛት የገደለው አስቀድሞ አልጌ ያልተመገቡትን ዳፍኒያዎች እንደነበር አንብቤ ነበር፤ ምክንያቱ አሁን ገባኝ።

ቀን 9

የጎን ሥራ። ከጅረት ደለል 20 ቀያይ የኪሮኖሚድ፣ ማለትም የማይነክስ ትንኝ መሰል ነፍሳት፣ እጮችን ለቀምኩ፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ እንዲኖሩ የሚረዳቸው ሄሞግሎቢን ነው ደም የሚያስመስላቸው። ገላቸውን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አሟሟሁና የተረፈውን አጣርቼ ቆጠርኩ። 9 ክር። ጎን ለጎን ምንም እጭ የሌለበት ባዶ ብልቃጥ በተመሳሳይ መንገድ አሳልፌ ነበር። 11 ክር።

ባዶው ከሞላው በለጠ። ክሮቹ በአብዛኛው ሰማያዊ ናቸው፤ በጋለ መርፌ ሲነኩ ይቀልጣሉ። እህቴ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ በሬን ከፍታ ገብታ «ምን አገኘህ?» ስትል «አንቺን» አልኳት።

ከዛሬ ጀምሮ ጥጥ ብቻ ይለበሳል፣ ብልቃጥ ሁሉ ይከደናል፣ ማጠቢያው ውሃ ራሱ ይጣራል። በሌላ 20 እጭ ደግሜው 4 ክር ወጣ፤ ከባዶው 1። ይህን አምናለሁ፤ ያለ ባዶ ናሙና የመጣ የክር ቁጥር ግን ከእንግዲህ ማንም ቢነግረኝ አልሰማም። በደቡብ ዌልስ ወንዞች እ.ኤ.አ. 2019 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ሜይፍላይና ካዲስፍላይ የሚባሉ የወንዝ ነፍሳት እጮች ናሙና ግማሽ ያህሉ ፕላስቲክ ነበረበት። ስለዚህ እጮቼ ውስጥ መገኘቱ አያስደንቅም።

ቀን 13

ዛሬ አንዲት ዳፍኒያ ከአንጀቷ ውጭ፣ የዘይት ጠብታዎቿ ላይ ስታበራ አየሁ። ፕላስቲኩ የአንጀቷን ግድግዳ አልፎ ሰውነቷ ውስጥ ገባ ማለት ነው? 10 ማይክሮሜትር የሚያህል ነገር በዚያ ግድግዳ እንዴት ያልፋል?

አያልፍም። ብርሃኑ ጭጋግ ነው፤ ክብ ክብ ነጥብ የለበትም። አንዳንድ ቀለም ከእንክብሉ ሟሙቶ ይወጣና ስብ ውስጥ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. 2019 በዳፍኒያ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት በትክክል ይህን ስህተት ነው ያስጠነቀቀው። ለማረጋገጥ እንክብሉን ለሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ እንክብሉን አጣርቼ አውጥቼ፣ በውሃው ብቻ አንዲት ዳፍኒያ አቆየሁ። የዘይት ጠብታዎቿ አበሩ። ከዚህ በኋላ «አየሁ» የምለው ክብ ቅርጹን ስቆጥር ብቻ ነው።

ዳፍኒያዎቹ የመጀመሪያ እንቁላሎቻቸውን ጀርባቸው ላይ ባለው ከረጢት ይዘዋል። የፕላስቲኮቹ ግን ከሌሎቹ በአንድ ቀን ግድም ዘግይተዋል።

ቀን 16

ሃይድራ። ስድስት አሉኝ፤ በየራሳቸው ሳህን። ሦስቱ አንጀቷ በእንክብል የሞላ ትንሽ ዳፍኒያ፣ ሦስቱ አልጌ ብቻ የበላች ያገኛሉ።

ዳፍኒያዋ እየዘለለች መጥታ የአንዱን እጅ ነካች፤ ቆመች። በዚያ እጅ ላይ ያሉት መርዘኛ ጦሮች ከመቅጽበት ይተኮሳሉ። ሌሎቹ እጆች ተሰበሰቡ፣ አፉ ከሷ በላይ ሰፋ፣ ቀስ እያለ እንደ ካልሲ ተጎተተባት። 20 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሰማያዊውን መብራት ሳበራ የሃይድራው ወገብ ውስጥ ያች ጥምዝ አንጀት እንዳለች ትታያለች፤ በአንድ ሆድ ውስጥ ሌላ ሆድ።

እንግዲህ መሻገሩ ተረጋገጠ። ከታች ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ላይ፣ በአንድ ቀን።

ቀን 17

ጠዋት ሃይድራው አፉን ከፍቶ ባዶ ቅርፊቷን ተፋት። እንክብሎቹ ከተረፈ ሥጋ ጋር ተጣብቀው እንደ ትንሽ ቡኮ ሳህኑ ላይ ወድቀዋል። ውስጡን ቆጠርኩ፤ በአንደኛው 0፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 0። ሁለቱም እንክብሎች በማግስቱ አልነበሩም።

የሜርኩሪው ሥዕል እዚህ ላይ ፈረሰ። ተሻገረ፤ አልተከማቸም። ከዚህ በጣም ያነሱ፣ 1 ወይም 2 ማይክሮሜትር የሆኑ ቅንጣቶች ላይ ይህን አልደፍርም፤ የሃይድራ የሆድ ሴሎች ደቃቅ ምግብን ራሳቸው ይውጣሉና። ለ10 ማይክሮሜትር ግን በር አለው፤ በገባበት ይወጣል።

አለመከማቸት ማለት አለመብላት ማለት እንዳልሆነም ልጻፍ። በዌልስ ወንዞች እየጠለቀች እጭ በመልቀም የምትኖር ዲፐር የምትባል ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. 2020 የወጣ ጥናት በምግቧ በኩል በቀን ወደ 200 የሚጠጉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች እንደምትውጥ ገምቷል። በየቀኑ ቢወጣም በየቀኑ ይገባል፤ ስለዚህ መቼም ባዶ አትሆንም።

ቀን 24

መስኮት ሥር የነበረው ቀይ ብናኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ቡናማ ሆኗል፣ ያሟልጫል፣ ግማሹ ሰምጧል። ለሁለት ዳፍኒያ ሰጠሁ፤ አሮጌውንም አዲሱንም። አሮጌው አንጀት ውስጥ በቀላሉ ታየ፤ አዲሱ አሁንም ውሃው ላይ ነው። ሌላ የምለው የለም።

ቀን 27

21ኛው ቀን ሞላ። በዚህ ሙከራ ደንብ መሠረት ማነጻጸሪያዎቹ በአማካይ ቢያንስ 60 ግልገል ካልወለዱ፣ ወይም ከ20 በመቶ በላይ እናቶች ከሞቱ ውጤቱ አይቆጠርም። ከእኔ አንዲት እናት ብቻ ሞታለች፤ እሷም ውሃ ስቀይር በፒፔት የጨፈለቅኳት ናት።

አልጌ ብቻ፦ በአማካይ 71። የእጥበት ውሃ፦ 69። ሸክላ፦ 66። እንክብል፦ 52።

የእጥበት ውሃው ንጹሕ መሆኑ እፎይ አሰኝቶኛል። ሸክላውና እንክብሉ መለያየታቸው ደግሞ አሳስቦኛል። ግምቴ ይህ ነው፦ ሸክላው በአብዛኛው ከእንክብሉ ደቃቅ ስለሆነ በአልጌው መሃል ተበትኖ ቶሎ ያልፋል፤ እንክብሉ ግን ቦታ ይይዛል። መርዝ ፍለጋ መሄድ ሳያስፈልግ ጉዳቱ ይገለጻል። በአንድ አንጀት ውስጥ የሚገባው የምግብ መጠን ውሱን ነው፤ ከዚያ ላይ የተወሰነው የማይፈጭ ከሆነ ዳፍኒያዋ ቀኑን ሙሉ እየዋጠች ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የራባት ዳፍኒያ አትሞትም፤ እንቁላል ታሳንሳለች።

እና ይህን ቁጥር ከሃይድራው ወገን ሆኜ ሳየው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሃይድራው ውስጥ የቀረ ፕላስቲክ ለማግኘት ስባዝን ከረምኩ፤ አልቀረም። የቀረበት ግን ምግብ ነው። 71 ግልገል ሊያገኝ የነበረ 52 ካገኘ፣ ከአንዲት እናት ብቻ 19 ጉርሻ ጎደለው። በሰንሰለቱ ላይ የወጣው ፕላስቲኩ ሳይሆን ጉድለቱ ነው፤ ያንን ደግሞ ሰማያዊ መብራት አያሳየውም።

ጥንቃቄ፦ በሚሊ ሊትር 10,000 ማለት በሊትር 5 ሚሊ ግራም የሚያህል ፕላስቲክ ነው። በወንዝ ላይ የሚታተሙት ቁጥሮች ከዚህ እጅግ ያንሳሉ። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ቁጥሮች የተሰበሰቡት ቀዳዳው 300 ማይክሮሜትር በሆነ መረብ ነው፤ ዳፍኒያ የምትውጠው ሁሉ በዚያ መረብ ያልፋል። ስለዚህ የእኔን 52 ይዞ «ሐይቅ ውስጥ ዳፍኒያ በሩብ ቀነሰ» የሚል ሰው ካለ እኔ የለሁበትም።

ቀን 29

ሃይድራዎቹ የተፉት ቡኮ ታች ተቀምጦ ነበር። ጋማረስ የሚባሉ፣ ጎናቸውን ይዘው የሚዋኙ ትንንሽ ክርስታሺያኖችን ሁለት አስገባሁ። በማግስቱ ቡኮው የለም። ሰንሰለት ስል መሰላል እያሰብኩ ነበር፤ ከላይ የወደቀው ታች ላለው ምግብ ከሆነ ግን መሰላል ሳይሆን መዘውር ነው። እ.ኤ.አ. 2020 ጋማረሶች ፖሊኢትሊንን በአራት ቀን ውስጥ ሰባብረው ከማይክሮሜትር በታች ያደቀቁበት ጥናት ታትሟል። ያም ማለት በመዘውሩ አንድ ዙር የዞረ ፕላስቲክ እንደ ገባ አይወጣም፤ የሃይድራው የሆድ ሴሎች ሊውጡት ወደሚችሉበት መጠን ሊወርድ ይችላል። ይህን በእኔ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም።

ቀን 31

የመጨረሻው ሰንሰለት። ኩሌክስ የሚባለው ትንኝ እጩ ውሃ ውስጥ እያጣራ ይበላል፤ ከዚያ ሙሽሬ (በእጭና በአዋቂ መካከል ያለው እርከን) ይሆናል፣ ከዚያ በርሮ ይወጣል። እጩ አንጀቱን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ነገር ግን እንደ ኩላሊት የሚያገለግሉት የማልፒጊ ቱቦዎች ሳይፈርሱ ወደ አዋቂው ትንኝ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. 2018 የታተመ ጥናት 2 ማይክሮሜትር የሆነ እንክብል በእነዚህ ቱቦዎች ተሸሽጎ እስከሚበርረው ትንኝ እንደሚደርስ አሳይቷል። እኔም 2 ማይክሮሜትር የሆነ፣ አጥቤ የቀለሙን መሟሟት የፈተንኩትን እንክብል ለ15 እጮች ሰጠሁ። በብልቃጦች ከፋፍዬ፣ ላያቸው በጥጥ ሻሽ።

ቀን 40

የመጀመሪያው ሙሽሬ ተሰነጠቀ። ትንኟ የራሷን ልጣጭ እንደ ጀልባ ቆማበት ክንፏን አደረቀች። አቀዝቅዤ አደንዝዤ ሆዷን በሁለት መርፌ ከፈትኩ። አምስት ቀጫጭን ቱቦዎች፤ በአንደኛው ጫፍ ላይ ሦስት ነጥብ። ክብ፣ ጥርት ያሉ፣ ጭጋግ የሌለባቸው። ቆጠርኳቸው፤ መብራቱን አጥፍቼ አብርቼ እንደገና ቆጠርኳቸው። ሦስት ናቸው።

በሃይድራ ሳጣው የከረምኩት እዚህ ተገኘ። ውሃ ውስጥ የተዋጠው ወደ አየር ወጣ፤ ለውሃ ተርብ፣ ለወፍ፣ ለሌሊት ወፍ።

ቀን 42

እስካሁን ከ15ቱ 11 ወጥተዋል። 8ቱን ከፍቻለሁ፤ 5ቱ ቢያንስ አንድ ነጥብ አላቸው። የብልቃጥ 12 ሻሽ በደንብ አልታሰረም ነበር፤ እዚያ የነበሩት ሦስት ትንኞች የሉም። እህቴ ሰማያዊውን መብራት ተበድራ ወደ መኝታ ቤቷ ይዛው ገብታለች።